ወይዘሮ ሀ እና ልጅ ለ

ከዩኒቨርሲቲው የኋላ በር ፊት ለፊት፣ በጫማ ጠጋኙና በመጽሐፍ ሻጩ መካከል የተወሸቀች አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ሁለት ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የወረቀት መቁረጫ፣ አንዲት ሴት፤ ከዚህ በላይ አትችልም። ሴትየዋን ተማሪዎቹ «ባለኮፒዋ» ይሏታል። ፈተና ሲቃረብ ወረፋው መንገዱን ያቋርጣል፤ ሁሉም ቸኳይ ነው። «እህቴ፣ በናትሽ ቶሎ በይልኝ፣ ክላስ ገባ!» ይላታል አንዱ። እሷም አንዱን ማሽን በእጇ፣ የሌላውን መሳቢያ በጉልበቷ እየዘጋች፣ «ክላሱስ ገብቷል፣ አንተ ነህ ያልገባኸው» ትለዋለች። ወረፋው ይስቃል፤ መሳቅ ደግሞ ወረፋ ያሳጥራል።

በእነዚያ ማሽኖች ውስጥ ብዙ የሰው ዕውቀት አልፏል። የሐኪሙም የመሐንዲሱም ማስታወሻ በእጇ ሞቆ ወጥቷል። ትኩስ ወረቀት ስትደረድር፣ ወረቀት የያዘ ማሽን ከፍታ ስትጎረጉር፣ የሠላሳዎቹን ዕድሜ አጋመሰች። ከዕለታት አንድ ቀን «ስንቱን አስመርቄ እኔ ደጅ ልቅር?» አለችና በቅዳሜና እሁዱ መርሐ ግብር ሕግ ለመማር ተመዘገበች።

ሕግን የመረጠችላት እናቷ ናት። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረች፣ ምላሷ ከመቀሷ የማይተናነስ ሴት። ልጅቷ ገና በሕፃንነቷ በነገሩ ሁሉ ስትከራከር «ይቺ ጠበቃ ናት፤ የቀራት ካባ ብቻ ነው» ትል ነበር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የካባውን ጥቁር ጨርቅ ገዝታ ሣጥን ውስጥ ካስቀመጠች ዘመን አልፏል። በየጊዜው እያወጣች ብል እንዳይበላው ታራግፈዋለች።

እናቷ ስንል ሕግ ሊያርመን ይችላል። ያርመን፤ እኛ እናቷ እያልን እንቀጥላለን። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፊዋ ወጣት ሳለች፣ በሌላ ሰፈር፣ አብራት በአንድ ክፍል የምትኖር ጓደኛዋ ጡት የጣለች ልጇን አስይዛት «ሥራ አገኘሁ፣ ደርሼ እመለሳለሁ» ብላ ወጣች። እንደወጣች ቀረች። ሰፊዋ ጠበቀች፣ ጠየቀች፣ አጣች። መጨረሻ ላይ ልጅቷን አዝላ፣ የስፌት ማሽኗን በጋሪ አስጭና ወደዚህ ሰፈር መጣች። አንዱ ጎረቤት «ልጅሽ ናት?» ቢላት «ታዲያ የማን ትሁን፣ የጋሪው?» አለችው። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ባል አላገባች፣ ሌላ ልጅ አልወለደች፤ እግሯ ፔዳል ሲረግጥ ኖሮ ሁለት ክፍልና በረንዳ ያላት ቤት አቆመች።

ባለኮፒዋ እውነቱን የሰማችው ገና ተማሪ ቤት ሳለች ነው። አክስቷ ከእናቷ ጋር ተጣልታ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ «የሰው ልጅ ታቅፈሽ በኔ ልጅ ላይ አትመጻደቂብኝ!» ስትል ሰማች። እናቷ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ የሌለበትን መርፌ ስትረግጠው ዋለች። ልጅቷም አልጠየቀች። በኋላ መታወቂያ ለማውጣት የልደት የምስክር ወረቀቷ ተፈልጎ ሲገኝ፣ የእናት ስም በሚለው መስመር ላይ የማታውቃት ሴት ስም ተጽፎ አየች። አጣጥፋ ያዘችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ሁለቱም እያወቁ፣ አንዷ የሌላዋን ማወቅ እያወቀች፣ እናትና ልጅ ሆነው ኖሩ። ደግሞም አምሮባቸው ነበር።

የመጀመሪያው ኮርስ «የግል ሕግ መግቢያ» ይባላል። መምህሩ ቀጭን ሰው ነው፤ እጅጌው ሁልጊዜ ጠመኔ እንደነካው ነው። በእሱ ሰሌዳ ላይ ሰው የሚባል የለም፤ ሁሉም ፊደል ነው። አቶ ሀ ለአቶ ለ ፍሬን የሌለው መኪና ይሸጥለታል፣ ወይዘሮ ሐ የጎረቤቷን አጥር ታፈርሳለች፣ ሕፃን መ ከሰው ዛፍ ላይ ይወድቃል። በመጀመሪያው ቀን «መንግሥትና ዜጋ ሲጣሉ የምታነቡት ሌላ ኮርስ ነው፤ እዚያ ትደርሳላችሁ» አለ። «እዚህ የሚጣሉት ጎረቤት ከጎረቤት፣ ወንድም ከእህት፣ ሻጭ ከገዢ ነው። የግል ሕግ ማለት የምትወዱት ሰው ሲከሳችሁ የምትከፍቱት መጽሐፍ ነው።» ክፍሉ ሳቀ። ባለኮፒዋም ሳቀች፤ ትምህርቱ እንደሚጥማት ያን ቀን አወቀች።

ጥሟትም ነበር። ሰው በሕግ ዓይን ከመቼ ጀምሮ ሰው እንደሚሆን ተማሩ። ውል እንዴት እንደሚታሰርና እንዴት እንደሚፈርስ ተማሩ። ሥራ ቦታዋ ላይ ሳይቀር ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ የሰውን ጠብ በፊደል እየለወጠች ትዳኝ ጀመር። የቤተሰብ ምዕራፍ ሲደርስ ግን ማንም ሳይቀድማት እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ምሳሌ ልስጥ?»

«ስጪ። ስም የለም፣ ፊደል ብቻ።»

«ወይዘሮ ሀ፣ ያልወለደቻትን ልጅ ለን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አሳደገቻት። ለ ከሷ ሌላ እናት አታውቅም። ሰፈሩም እናትና ልጅ ነው የሚላቸው። ሀ ብትሞት ለ ትወርሳታለች?»

መምህሩ ደስ አለው፤ ጥሩ ጥያቄ እንደሚወድ ያስታውቅበታል። «በጉዲፈቻ ውል ወስዳታለች?»

«አልወሰደቻትም።»

«ለ አሁን ልጅ ናት?»

«ትልቅ ሰው ናት።»

«እንግዲያው ጉዲፈቻ አምልጧታል፤ ለአዋቂ አይሆንም። የልደት ማስረጃስ?»

«አላት። የሌላ ሴት ስም ነው ያለበት።»

«እሱ ባይኖር የሰፈሩን ምስክርነት ይዘን እንሟገትላት ነበር። እሱ ካለ ግን ሰፈሩ በሙሉ ቢምልላትም ዋጋ የለውም።» ወደ ሰሌዳው ዞረ፤ ሀን ጽፎ ከበባት፣ ለን ጽፎ ከበባት፣ በመካከላቸው መስመር አሰመረ። ከዚያ መስመሩን በዳስተር አጠፋው። «ለ ለሀ ምኗም አይደለችም። ባዳ ናት። ሀ ሌላ ዘመድ አላት?»

«የእህቷ ልጅ።»

«ወራሹ እሱ ነው።»

«ለ ዕድሜዋን የኖረችበት ቤትስ?»

«ኪራይ እንዳትጠየቅ ትጸልይ» አለ መምህሩ። ክፍሉ ሳቀ። እሱም ትንሽ ፈገግ ብሎ ጨመረ፦ «አንድ በር አለ። ሀ በሕይወት ሳለች፣ በአራት ምስክሮች ፊት ቤቴን ለለ ሰጥቻለሁ ብላ ከተናዘዘች አለቀ። ጻፉት፤ ኑዛዜ የባዳ በር ነው።»

ሁሉም ጻፈ። ባለኮፒዋም ጻፈች። አጠገቧ የሚቀመጠው፣ ክፍሉ ሁሉ ሳጅን የሚለው ጎልማሳ የትራፊክ ፖሊስ ግን ብዕሩን አስቀምጦ አያት። መንጃ ፈቃዴን ቤት ረሳሁ የሚል ሹፌር ድምፅ ሲሰማ የኖረ ነው፤ ምሳሌ የሚሰጥ ሰው ድምፁ እንደዚያ እንደማይንቀጠቀጥ ያውቃል።

በዚያው ሰሞን የእናቷ እግር አብጦ ጫማ አልገባ አለ። ሐኪሙ መረመራትና ልቧ መድከሙን ነገራት። «ምን ያድርግ፣ ሲሮጥ ነው የኖረው» አለች እናቷ። ሐኪሙ ሳቀና ልጅቷን ለብቻዋ ኮሪደር ላይ ጠራት። ያን ጊዜ አልሳቀም። «ብዙ የምታደርጉት ነገር የለም። ብቻ አታስደንግጧት» አላት።

እንግዲህ ባለኮፒዋ ያለችበት ይህ ነው። እናቷ ልትሞት ነው፤ እሷም በሕግ ባዳ ናት፤ የቀራት አንድ በር ነው፤ በሩን የምትከፍተው ደግሞ እናቷ ብቻ ናት። ቤቱን ብቻ ፈልጋ ነው ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ቤቱን አልፈለገችም ካላችሁም ተሳስታችኋል። ሰው ያደገበትን በረንዳ እንዴት አይፈልግም?

በቀጥታ መናገር ግን አልሆነላትም። ዕድሜ ልክ ያልተነሳ ነገር በምን አፍ ይነሳል? ስለዚህ መምህሩ እንዳስተማራት በፊደል መጣች። እናቷ በረንዳው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክል አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እማዬ፣ አንድ ምሳሌ ተማርን።»

«እስቲ አሰሚኝ።»

የወይዘሮ ሀንና የለን ታሪክ ነገረቻት። እናቷ እስከ መጨረሻው ሰማችና ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ይቺ ወይዘሮ ሀ፣ ልጄ አይደለችም ብላ ለማን ተናገረች?»

«ለማንም።»

«ታዲያ መምህራችሁ በምን አወቀ? ወሬኛ ነው።»

«ወረቀት አለ እማዬ። ወረቀቱ ነው የሚያሳብቀው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

«እና ቤቱ እንዳይቀርባት፣ ወይዘሮ ሀ በአራት ምስክር ፊት ብትናዘዝላት...»

«ለማን?»

«ለለ ነዋ።»

«ለልጇ?» እናቷ መነጽሯን አወለቀች። «ሰው ለልጁ ይናዘዛል እንዴ? ልጅ ይወርሳል፤ የሚናዘዙት ለባዳ ነው። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ያስፈልጋል? ወይዘሮ ሀ ተናዘዘችላት ማለት እኮ፣ ልጄ አይደለሽም ብላ በሰው ፊት ሰደበቻት ማለት ነው። ያውም መልስ በማትሰጥበት ሰዓት፣ ሞታ!» መነጽሯን መልሳ አደረገች። «ደግሞ ያቺ ለ የምትሏት፣ እናቷ ቁጭ ብላ ሳለ ስለ ቤት የምታስብ ከሆነ በደንብ አላሳደገቻትም።»

ባለኮፒዋ ሳቀች። መምህሩና እናቷ ተገናኝተው አያውቁም፤ የተናገሩት ግን አንድ ቃል ነው። «ባዳ» በሚለው ቃል እሱ በሩን ከፈተ፣ በዚያው ቃል እሷ ዘጋችው።

«በቀጥታ ንገሪያት እንጂ» አላት ሳጅን በዕረፍት ሰዓት። ሳትነግረው ገብቶት ነበር።

«ምን ብዬ?»

«'እማዬ፣ እንዳልወለድሽኝ አውቃለሁ፤ ሕጉም ያውቃል' ብለሽ።»

«አንተ ትላታለህ?»

«እኔ ጀግና የምሆነው መንገድ ላይ ብቻ ነው» አለ ሳጅን።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት እናቷ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ተቀምጣ፣ ያለወትሮዋ ረጋ ብላ፣ «ያ ምሳሌሽ እንቅልፍ ነሳኝ» አለቻት። «እናዘዛለሁ። ምስክር አራት ነው ያልሽው? ጥሪያቸው። የሚጽፍም ሰው አምጪ።»

ባለኮፒዋ የያዘችውን ሻይ እንዴት እንዳስቀመጠች አታውቅም። ያን ቀን ሥራ ቦታዋ ላይ የአንዱን ማስታወሻ ለሌላው ሰጠች፤ ሲሰድቧት ሳቀች። ከመደርደሪያው ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚታተምበትን ወፍራም ወረቀት መርጣ ወሰደች። እሷ በፊደል የነገረቻትን እናቷ በፊደል ሰምታታለች፤ ሳይነጋገሩ እንደኖሩ ሳይነጋገሩ ተግባብተዋል። እንዲህ አሰበች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት መልስ ጎረቤቶቹ ዳቦ ጋጋሪው፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ ባለሱቁና ሚስቱ መጥተው በረንዳው ላይ ተደረደሩ። የሚጽፈው ሳጅን ነው። እናቷ ነጭ ኮሌታ ያለውን ጥቁር ቀሚሷን ለብሳለች፤ ራሷ የሰፋችውን።

ሳጅን ጀመረ። «እኔ ተናዛዧ፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ ሳለ...»

«አእምሮዬን ማን ጠረጠረው?»

«ሕጉ ነው እትዬ።»

«እንግዲያው ለሕጉ ንገርልኝ፣ ሦስት እጅጌ ያለው ሸሚዝ ሰፍቼ አላውቅም።» ምስክሮቹ ሳቁ። «ጻፍ። የፊት ለፊቷን ክፍል፣ ማሽኑን ጨምሮ፣ ለእህቴ ልጅ ሰጥቻለሁ።»

የሳጅን ብዕር ቆመ። «ለእህትዎ ልጅ?»

«አዎ። እናቱን እንደተቀየምኳት ሞተች፤ ልጁ ምን በደለኝ? እሱ ልጄ አይደለም፤ ካልተናዘዝኩለት ባዶ እጁን ነው የሚቀረው። ይቺ ጠበቃዬ ናት ያስተማረችኝ።»

«የቀረው ቤትስ?»

«የቀረውማ የልጄ ነው። እሱ ምን ይጻፋል? ልጅ በሕግ ይወርሳል።» ወደ ባለኮፒዋ ዞረች። «አይደለም እንዴ ልጄ?»

አራቱም ጎረቤቶች አዩዋት። በፍቅር ነበር ያዩዋት፤ ነርሷ እንዲያውም ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እማዬ» አለች ባለኮፒዋ፣ «ለኔም... ይጻፍልኝ።»

እናቷ ለምስክሮቹ ሳቀች። «አያችኋት? ሕግ ተማሪ! የገዛ ቤቷን ስጡኝ ትላለች!» ሁሉም ሳቀ። ልጅቷ ግን የእናቷን ፊት እያየች ነበር። አፏ ይስቃል፤ ዓይኗ ግን ፈርቷል። እጇ ደረቷ ላይ ወጥቷል፣ ነጩን ኮሌታ ጨብጧል። እንዲህ ያለ ፍርሃት በዚያች ሴት ፊት ላይ አይታ አታውቅም። እባክሽ፣ በሰው ፊት አታድርጊብኝ፣ ይላል ዓይኗ።

«እየቀለድኩ ነው» አለች ባለኮፒዋ። ወደ ሳጅንም ዞራ «ጻፍ» አለችው።

ጻፈ። በምስክሮቹ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ መነበቡንም ጻፈ። እናቷ ፈረመች፣ አራቱም ፈረሙ። መምህሩ ቢያየው አንድ ስህተት አያገኝበትም። ሳጅን ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን በእጁ አዞረው። «ግማሹ በኑዛዜ የሱ ነው» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ግማሹ ደግሞ በሕግ የሱ ነው።»

«አውቃለሁ። አብረን ነው የተማርነው» አለችው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። አይነቅዝ ይሆናል፤ ባለቤቱን ግን ይበላል።

የእናቷ የእህት ልጅ፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው፣ ወሬውን ሰምቶ ብርቱካን ይዞ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን መጥላት ይቻል ነበር። የአክስቱን ጉልበት ስሞ አለቀሰ፤ እውነተኛ ለቅሶ ነው ያለቀሰው። ባለኮፒዋ ስትሸኘው በር ላይ «እህቴ፣ እኔ አልጠየቅኳትም» አላት።

«አውቃለሁ።»

«እሷ በሕይወት እስካለች ማንም አይነካሽም። በዚህ እመኚኝ።» አመነችው። ለመሄድ ሲል ደግሞ፣ ምንም ሳያስብ፣ የበረንዳውን ግድግዳ በጣቱ አንኳኳ። «ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ?»

«ብሎኬት።»

«ጥሩ» አለና ሄደ።

ፈተናው የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ባለኮፒዋ ወረቀቱን ተቀብላ ገለጠች፣ አነበበች፣ ወደ መጨረሻው ደረሰች። መምህሩ ጥሩ ጥያቄ ይወዳል ብለናል። «ወይዘሮ ሀ ያልወለደቻትን ለን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አሳደገቻት» ይላል ትልቁን ውጤት የያዘው ጥያቄ። «ሀ ሞተች። ለ ከወራሾቿ መካከል ናትን? ምክንያቱን በማስረዳት መልሱ።»

ከፊቷ የተቀመጠው ሳጅን ጀርባው ቀጥ ሲል አየች፤ ዞሮ ግን አላያትም።

ባዶ ልትተወው ትችል ነበር። ናት ብላም ልትጽፍ ትችል ነበር፤ ወረቀት ምን ይላል? ግን ሣጥን ውስጥ ጨርቅ አለ፤ ያን ጨርቅ የገዛች ሴት ልጄ ወደቀች ተብሎ እንዲነገራት አልፈለገችም። ብዕሯን አነሳችና «አይደለችም» ብላ ጀመረች። ጉዲፈቻውን ጻፈች፣ የልደት ማስረጃውን ጻፈች፣ የእህቷን ልጅ ጻፈች። «ስለዚህ ለ በሕግ ፊት ለሀ ባዳ ናት» ብላ ጨረሰች። አንድ ቃል አልሰረዘችም፤ ይህ ራሱ አሳዘናት። ወረቀቱን ሰጥታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ እናቷ በረንዳው ላይ ናት። ጥቁሩን ጨርቅ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታዋለች፤ መቀሱ አጠገቧ ነው። ለመቁረጥ ገና ዓመታት ይቀሩ ነበር፤ ለምን እንደቸኮለች ሁለቱም አልተናገሩም።

«እንዴት ነበር?»

«ደህና ነው እማዬ።»

«ምን ጠየቋችሁ?»

«ስለዚያች ሴትዮ። ስለ ወይዘሮ ሀ።»

የእናቷ እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። «መለስሽ?»

«መለስኩ።»

«በትክክል?»

«በትክክል።»

እናቷ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ ጎረቤቱ አጥር አዙራ ያላትን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስባ ጮኸች፦ «ነርስ! ሰማሽ? ልጄ ፈተናውን ደፈነችው!»

«እሰይ!» አለች ነርሷ ከወዲያ ማዶ። «የማን ልጅ ሆና!»

እናቷ ትንፋሿ እስኪመለስ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ቆየች። ቀጥላም ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። «ዙሪና ቀጥ በይ» አለቻት። ባለኮፒዋ ዞራ ቆመች። ያረጁት ጣቶች ሜትሩን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው ጎተቱት፤ ተጭነው ያዙት፤ ቶሎም አልለቀቁትም።

«ትከሻሽ የኔ ነው» አለች እናቷ ከኋላዋ። «ቁርጥ የኔን ነው የወጣሽው።»

«አዎ እማዬ» አለች ባለኮፒዋ።